ክርኑ ያለቀ ኮት

ጥቅምት 6

ይድረስ ለወንድሜ ለጡሩምባው፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት? «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልቀጥል ብል እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም። ልጅህን ወስደውብናል።

ረቡዕ ዕለት ነው። ከተማው ከታመሰ መሰንበቱን ሰምተሃል። ኑሮው ያንገሸገሸው ሁሉ በየቀኑ አደባባይ ይወጣል፤ ዳቦ ጋጋሪው፣ መምህሩ፣ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ጡረተኛው። ያን ቀን በስፌት ቤታችን በር ሲያልፉ ሥራ አቁመን በመስኮት እናያቸው ነበር። አንዲት ሴት «አንድ ከተማ፣ ሁለት ኑሮ» የሚል ካርቶን ይዛለች። ሚጢጢ የጀመረችውን ቁልፍ ተክላ ጨረሰች፣ መርፌዋን ሰካችና «አክስቴ፣ ትንሽ ሸኝቻቸው ልምጣ» አለችኝ። እኔም «ሹራብሽን ልበሽ፣ ይበርዳል» አልኳት። «አትሂጂ» ማለት ሲገባኝ ስለ ብርድ አወራሁ።

በዚያው ቀረች። ከጣቢያ ጣቢያ ስንከራተት ሰንብቼ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የድሮ መጋዘን ውስጥ ከተያዙት ጋር እንዳለች ደረስኩበት። ማየት ክልክል ነው። በግንቡ በኩል የሚያስል ሰው ይሰማል፤ የእሷን ሳል ልለይ ብሞክር አቃተኝ።

ሌላም ነገር አለ። መሪዎቻችን ለሰልፉ የሰጡትን መልስ በቴሌቪዥን ሳትሰማ አልቀረህም። «ሁላችንም ቀበቷችንን ጠበቅ እናድርግ» አሉ። እኔ የእነሱን ሱሪ ወገብ ሳሰፋ የኖርኩ ሰው፣ ሳቄን እንዴት ልቻለው። ቀጥሎ አንዱ ሚኒስትር ክርኑ የተጣፈ ኮት ለብሶ ብቅ አለ። ጨርቁ ገና ከጣቃው የተቆረጠ፣ መጣፊያው በመኪና የተሰፋ፤ አገር ሳቀበት። ትናንት የእሱ ፕሮቶኮል ሹም ወደ እኔ መጣ። ለአለቃው የእውነት ያረጀ የሚመስል አዲስ ኮት እንድሰፋ ይፈልጋል። አሮጌ ለምን አትገዙም ብዬ ብጠይቀው «ክቡርነታቸው የሰው ልብስ ይቀፋቸዋል» አለኝ። ስለ ሚጢጢ እያለቀስኩ ነገርኩት። ሥራው ካማረ፣ ከጉዞ ሲመለሱ ስሟን ለክቡርነታቸው አስገባለሁ ብሎኛል።

የጻፍኩትን ደግሜ አነበብኩት። ይህን አልልክልህም። ባለቤትህ ያለፈው ጽንስ ከወረደባት ወዲህ ይህን የአሁኑን የያዘችው በስንት መከራ ነው፤ ሐኪሙ «እንዳትደነግጥ» ብሎ በጀርባዋ ባስተኛት ሴት ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት አይገባም። አንተ ደግሞ ሆድህ ውስጥ ያለው ሁሉ ፊትህ ላይ ነው። ሌላ እጽፋለሁ።


ጥቅምት 6

ይድረስ ለወንድሜ ለጡሩምባው፣

አንተና ባለቤትህ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። ስልኩን ከዘጉብን ወዲህ ፖስታ ቤቱ የሠርግ ቤት መስሏል፤ ሰው ቴምብር መላስ እንደ አዲስ እየተማረ ነው።

ሚጢጢ ለምን ዝም አለች ላልከው፣ ጣቷን መርፌ ወግቷት አብጦባት ነው። አይዞህ፣ ይድናል። ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ለእናቷም «ተኚልኝ፣ ለምንም ነገር እንዳትነሺ» ብላለች። ቁመቷ የስፌት ቤቱን በር ሊያልፍ ምንም አልቀረው። ሚጢጢ ብሎ ስም ያወጣላትን ሰው አግኝቼ ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር፤ ያው አንተ ነህ።

ሰልፉ በበራችን ያልፋል፤ እኛ ሥራችን ላይ ነን። እናንተ ጠርሙስ ፋብሪካም ሥራ ሊቆም ነው ሲባል ሰማሁ። እባክህ ፊት አትቁም። ያ ድምፅህ ከልጅነትህ ጀምሮ ዱላ እንጂ ሌላ አስገኝቶልህ አያውቅም።

ለሥራዬ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባባ ሱቁ በር ላይ አጠገቡ አስቀምጦህ የመንገደኛውን ኮት ሲያስነብብህ እኔ የስፌት መኪናው ላይ ነበርኩ፤ በግማሽ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። የእውነት ያረጀ ኮት በምን በምን ይታወቃል ይል ነበር? አንድ ደንበኛ የአባቱን ኮት እርጅናው ሳይጠፋ አድሺልኝ ብሎኝ ነው። የምታስታውሰውን ሁሉ ጻፍልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 17

ይድረስ ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ከምድጃው ሙቀት ጋር ይድረስሽ። ባለቤቴ እንደተኛች ናት። ጣሪያውን አይታ አይታ ምስማሮቹን በስም ልትጠራቸው ነው። ሆዷ ገፍቷል፤ ሐኪሙ እስከ ታኅሣሥ ከደረሰች ምንም አትሆንም ይላል። የሚጢጢን ጣት ነገር ስነግራት «በጨው ውሃ ትዘፍዝፈው» ብላለች፤ እንዳትረሺ ንገሪያት። ደግሞ በሌላው እጇም ቢሆን ሁለት መስመር ትሞነጫጭርልን፤ ቤቱ ያለ እሷ ቀልድ ጭር ብሏል።

አዎ፣ ሥራ አቁመናል። ፊት አትቁም ብለሽኝ ነበር፤ አልቆምኩም፣ ገፍተው አቆሙኝ። «ጡሩምባ ያለው ይንፋ» ተባለ። ጠርሙስ መሥራት ብናቆምም ምድጃውን አላጠፋነውም፤ ከጠፋ የቀለጠው መስተዋት ውስጡ ይረጋና ፋብሪካው አለቀለት፣ እንጀራችንም አብሮ። ስለዚህ «እሳት ልንሞቅ ነው» እየተባባልን በተራ እንጠብቀዋለን። ለካ ያለ ሥራ መዋልም ድካም አለው።

ምን ፈልጋችሁ ነው ትዪ ይሆናል። አንዱ ደመወዝ ነው፤ እሱን ታውቂዋለሽ፣ ከወር ወር የሚያደርስ ጠፋ። ሁለተኛው እናንተ ከተማ በሰልፉ የተያዙት ልጆች ይፈቱ የሚል ነው። እዚህ ልጃቸው የተያዘችባቸው፣ ወንድማቸው የታሰረባቸው አሉ። እኔ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁን፣ የእኔዋ አንቺ ዘንድ ቁልፍ ትተክላለች። ቢሆንም የሰው ልጅም ልጅ ነው፤ ይህችን ጥያቄ ካልመለሱ አንገባም ብለናል። ጠርሙስ አጥተው መጠጥ ፋብሪካዎቹ ሁሉ ስለሚጮኹ፣ እንደፈሩን እናውቃለን።

ኮቱን በተመለከተ፣ ምን ትዝ ቢልሽ ነው? አንብቤ ስስቅ ባለቤቴ ምን አገኘህ አለችኝ። አባባ መጀመሪያ ክርን እይ ይል ነበር። ሁለቱ ክርኖች እኩል ካለቁ ውሸት ነው፤ ሰው በሁለቱም ጎኑ እኩል አይኖርም። ቀኙ ሊበሳ ሲደርስ ግራው ገና ያብረቀርቃል። የኪሱ አፍ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ እጅ ስለሚከተትበት። ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰው ኮሌታው ከኋላ ይነጣል፣ ፀሐይ እዚያ ላይ ስለምታርፍ። መጣፊያው ደግሞ ቤት ውስጥ የተሰፋ ከሆነ ክሩ የኮቱን ቀለም አይመስልም፤ ክር የሚመርጠው ልብስ ሰፊ ነው፣ ድሃ ያገኘውን ይሰፋበታል። መጨረሻ ላይ ምን ይለኝ እንደነበር ታውቂያለሽ፦ «ሰው ባፉ ይዋሻል፤ ክርኑ የኖረውን ነው የሚናገረው።»

ወንድምሽ


ጥቅምት 28

ይድረስ ለወንድሜ፣

ደብዳቤህ በደህና ደርሶኛል። ስለ ኮቱ የጻፍክልኝ ብዙ ረድቶኛል። ሥራው አልቆ ደንበኛው ወስዶታል፤ ዓይኑን ማመን ነው ያቃተው። እጄ እንደዚህ ሠርቶ አያውቅም።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልበልህ፤ እትዬ አረጀች፣ ትናንት ያለችውን ዛሬ ታፈርሳለች እንዳትል። ፊት አትቁም ማለቴ ስህተት ነበር። ቁም። ልጆቹ እስኪፈቱ ድረስ አትግቡ። በደመወዙ ቢያባብሏችሁም፣ ቢያስፈራሯችሁም፣ ቢለማመጧችሁም አትግቡ። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። የታሰሩበት መጋዘን በር ላይ የሚቆሙትን ቤተሰቦች አይቻለሁ፤ ዝናብ ሲመጣ እንኳን ንቅንቅ አይሉም። ለእነሱ ብለህ።

ሚጢጢ ገና ናት። ማለቴ ጣቷ። «ለእናቴ ሰላምታ አቅርቢልኝ» ብላለች።

እህትህ


ኅዳር 7

ይድረስ ለእትዬ፣

ደስ ይበልሽ፣ ሥራ ገብተናል። እስኪፈቱ አትግቡ ያልሽውን ለሠራተኛው ጮክ ብዬ አንብቤላቸው «እህትህ ካንተ ትብሳለች» ብለው አጨብጭበውልሽ ነበር። ታዲያ ለምን ገባችሁ ማለትሽ አይቀርም። ልንገርሽ፤ ያ በተጣፈ ኮቱ አገር የሳቀበት ሚኒስትር ራሱ መጣ።

እንደ ወትሯቸው በመኪና ጋጋታ አይደለም። በእግሩ በዋናው በር ገብቶ ምድጃው ፊት ቆመ። አሮጌ ኮት ለብሷል። ፌዘኛው የምንለው ሽማግሌ «ይኼኛውንስ የት አስጣፉት?» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው ሳይቆጣ ተናገረ። ንግግሩ እንኳን የለመድነው ነው፤ ችግራችሁ ችግሬ ነው፣ ደመወዛችሁን አያለሁ፣ የታሰሩትን ጉዳይ ራሴ እከታተላለሁ፣ እናንተ ግን ሥራ ግቡና ጊዜ ስጡኝ አለ። ፌዘኛው «ላም አለኝ በሰማይ» አለኝ በጆሮዬ።

እኔ ንግግሩን መች ሰማሁት። ኮቱን ነበር የማነበው። እጄን ሲጨብጠኝ ሆን ብዬ ቀረብ አልኩት። ቀኝ ክርኑ ሊበሳ ደርሷል፤ ግራው ገና ማብረቁ ነው። የኪሶቹ አፍ ወደ ፊት ጎብጧል። ዞር ሲል አየሁት፣ ኮሌታው ከኋላ ነጥቷል። መጣፊያው ደግሞ በእጅ ነው፤ ጥቁር ኮት ላይ ቡናማ ክር። እትዬ፣ አባባ አጠገቤ ቆሞ ትከሻዬን የነካኝ መሰለኝ። እነዚህን ሰዎች ስንጠላ አንዱ የእኛው ቢጤ ኖሮ ይሆን ብዬ አፈርኩ።

ከሄደ በኋላ ግማሹ እንግባ፣ ግማሹ አንገባም ብሎ ጭቅጭቅ ሆነ። በርሜል ላይ ወጣሁ። «እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። ያ ኮት ለታይታ የተሰፋ አይደለም፤ ያንን ለብሶ የኖረ ሰው ማጣትን ያውቃል። ልጆቹን እፈታለሁ ካለ ይፈታል፣ ቃሉን እንመነው» አልኳቸው። አዳመጡኝ። አየሽ፣ ዋሽቼ ስለማላውቅ ያምኑኛል። ፌዘኛው ብቻ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎኝ ሄደ፤ እሱ እናቱንም አያምን። በማግስቱ ጠርሙስ መሥራት ጀመርን።

ያንቺ ጥያቄ ባይኖር የአባባን ትምህርት እንዲህ አላስታውሰውም ነበርና ምስጋናው ላንቺ ነው። አሁንስ ልጆቹ መፈታት ጀመሩ? መጋዘኑ በር ላይ ያሉትን ሰዎች አይዟችሁ በይልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 21

ወንድሜ፣

ይህን ከባለቤትህ ራቅ ብለህ፣ ተቀምጠህ አንብበው። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። ሰው ልላክ ብዬ ወደ እናንተ የሚያልፍ መኪና አጣሁ።

ሚጢጢ የለችም። አረፈች።

ጣቷን መርፌ አልወጋትም። ጥቅምት ላይ ከሰልፉ ይዘዋት መጋዘኑ ውስጥ ነበረች። ያን ጊዜ ጽፌልህ ሳልልከው የቀረውን ደብዳቤ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ፤ ከየት እንደተነሳ እሱ ይነግርሃል። የበሩ ሰዎች ካልኩህ ውስጥ አንዷ እኔ ነኝ።

ያ ያነበብከው ኮት የእኔ ሥራ ነው። ቀኝ ክርኑን በብርጭቆ ወረቀት የፋቅሁት እኔ ነኝ፤ ግራውን የማርኩት አንተ ስለነገርከኝ ነው። ኮሌታውን ጣሪያ ላይ አውጥቼ ፀሐይ አስመታሁት። ኪሶቹ ውስጥ ድንጋይ ከትቼ አንጠለጠልኩት። ቡናማውን ክር ስመርጥማ አባባ ራሱ ቢያየው ይሸወዳል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልጅህ ታስራ ደስ አለኝ። ለየትኛው ጉዞ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ያንን ኮት አምኖ የሚያሳምን ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ የሄደውም ወደ እሱ ሆነ።

ከጉዞ ሲመለሱ ፕሮቶኮል ሹሙ ጋ ሮጥኩ። እጄን ስሞ ተቀበለኝ፣ ሥራሽ ፋብሪካ አስከፈተ አለኝ። ስለ ሚጢጢ ሳስታውሰው ግን ግር አለው። «እሱማ አሁን ረግቷል እኮ። ምን ያስቸኩላል?» አለኝ። እናንተ ከገባችሁ በኋላ የሚያስቸኩላቸው ነገር አልነበረም።

በየሳምንቱ ንጹሕ ልብስ ስናስገባ የለበሱትን ያወጡልን ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ዘበኛው ያስገባሁትን እንዳጠፍኩት መልሶ ሰጠኝ። እኔ ሞኝ «ታዲያ መቼ ላምጣው?» አልኩት። ቀጥሎ ወዳለው ሰው ዞረ። ሰኞ ቢሮ አስገብተው ሳንባዋን ብርድ መትቷት ነው አሉኝ። ከስፌት ቤቱ ሴቶች ጋር ቀበርናት። ሰው እንዳይበዛ ታዘን ስለነበር ጎረቤት እንኳን አልጠራሁም። አንተ ሳትኖር አፈር አለበስኳት።

ነግሬህ ቢሆን ኖሮ በርሜሉ ላይ ወጥተህ ሌላ ነገር ትናገር ነበር። ከዚህች ሐሳብ መውጣት አቅቶኛል። ባለቤትህን ላትርፍ ብዬ ልጅህን አጣሁብህ። ይቅር በለኝ ለማለት አፌ አይደፍርም። ስደበኝ፤ ግን ጻፍልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 9

ይድረስ ለእትዬ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ያነበብኩት ምድጃው አጠገብ ነው። እዚያ ሰው ሲያለቅስ ላብ ነው ይባላል፤ ማንም አልጠየቀኝም።

አልተቆጣሁም ብልሽ ውሸት ይሆናል። ተቆጥቻለሁ። ሌሊቱን ሙሉ በሐሳብ ስሰድብሽ አድራለሁ፤ ሲነጋ ደግሞ ሚኒስትሩን የጨበጠ እጄን አያለሁ። ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ ያልሽው እውነት ነው። እኔም አጠገቤ የቆመውን ፌዘኛ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ። እናስ? ከሁለታችን የማንኛችን ጥፋት እንደሚበልጥ ስመዝን ልጄ አትመለስልኝም።

ለሠራተኞቹ ነገርኳቸው። ፌዘኛው የሥራ ጓንቴን ከእጄ ተቀብሎ ተራዬን ሠራልኝ። እንደገና እንውጣ ያለ ግን አልነበረም። እኔም አላልኩም። በማን ቃል ይወጣሉ? ደመወዙም እንደነበረ ነው። አሁን ሲጠሩኝ ጡሩምባ አይሉኝም።

ባለቤቴ ወልዳለች። ሴት ናት። ሕፃኗ ደህና ናት፤ እናቲቱ ግን ብዙ ደም ፈስሷት ቀና ማለት አቅቷታል። ሐኪሙ አሁንም ያንኑ ነው የሚለኝ፣ እንዳትደነግጥ። ፊቴ እንዳያጋልጠኝ ስገባ መብራቱን ጀርባዬ ላይ አደርጋለሁ። ለሕፃኗ ስም እናውጣ ብላት «እህቷ ታውጣላት፤ ጻፍላት» አለችኝ። በየቀኑ ፖስታ መጣ ወይ ትለኛለች። እስካሁን ልጅቷን በስም አንጠራትም።

ስለዚህ አንድ ደብዳቤ ጻፊልን። ከሚጢጢ የመጣ ይሁን። የእጅ ጽሕፈቷን ታውቂዋለሽ። ጣቷ መዳኑን ጻፊ፤ ለእናቷ ስለ ጨው ውሃው ምስጋና ይኑርበት። ቀልድም አስገቢበት፤ ያለ ቀልድ ጽፋ አታውቅም። ስሙን ራስሽ ምረጪው፤ እኔ ሞክሬ አፌ ላይ የሚመጣው የእሷው ብቻ ነው። ጊዜው ሲደርስ ለእናቷ እኔ እነግራታለሁ፤ ያ የእኔ ዕዳ ነው።

እናቷ እያንዳንዷን ፊደል አስተውላ ነው የምታነበው። ጥሩ አድርገሽ ሥሪው፣ እትዬ። አንቺ ታውቂበታለሽ።

ወንድምሽ